ከሱቅ ዝርዝር ውስጥ ስህተት ያለበትን ሳንቲም መፈለግ፦ በምን ልጀምር?

ሸዋበር_ዝርዝር፦

ሰላም ጀመዓው። ደሴ ሸዋ በር ካለ ሱቅ በየሳምንቱ አንድ ፌስታል ዝርዝር እጄ ይገባል። አብዛኛው ባለ 1 ብር ነው፤ ቀጥሎ ሽልንግ፣ አልፎ አልፎ ስሙኒና አስር ሳንቲም። ከዚህ ሌላ ዘመድ ከአሜሪካ ያመጣው አንድ ትልቅ ጠርሙስ ፔኒ (የአሜሪካ አንድ ሳንቲም) አለ፤ ገና አልተነካም።

የምፈልገው ሲታተሙ ስህተት ይዘው የወጡትንና ካታሎግ ለብቻ የሚመዘግባቸውን ዓይነቶች መለየት ነው። እስካሁን ሦስት ለይቻለሁ። አንዱ ባለ 1 ብር ፊደሎቹ ጥላ ያላቸው ይመስላሉ፣ ሁለቴ እንደተጻፈ ዓይነት። ሌላው ባለ 1 ብር መሀሉ ከቀለበቱ አንጻር ዞሯል። ሦስተኛው ሽልንግ ነው፤ ጠርዙ በጨረቃ ቅርጽ ተቆርሷል። የትኛው እውነተኛ ነው? መሣሪያስ ምን ያስፈልጋል? ክምሩንስ በምን ቅደም ተከተል ልየው?


ጦሳ_ሥር፦

አብሽር፣ ሦስቱንም መለየት ይቻላል። ግን ከመሣሪያው እንነሣ።

10 እጥፍ የሚያጎላ ማጉያ በቂ ነው፤ ሰዓት ሠሪዎች ዓይናቸው ላይ የሚሰኩት ዓይነት። ከዚያ በላይ የሚያጎላ ሲሆን የሚታየው ቦታ ይጠባል፣ ጭረቱ ሁሉ ተአምር ይመስላል። ሚዛን እስከ 0.01 ግራም የሚያነብ ይሁን፤ የወርቅ ቤት ሚዛን ማለቴ ነው። የወጥ ቤቱ 1 ግራም እየዘለለ ስለሚያነብ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ካሊፐር (ስፋት በሚሊሜትር የሚለካው)፣ ከተሰበረ ስፒከር የወጣ ማግኔት፣ አንገቱ የሚታጠፍ የጠረጴዛ መብራት፣ ከሥር ደግሞ ለስላሳ ጨርቅ። ይኸው ነው።

ክምሩን መጀመሪያ በዓይነት፣ ቀጥሎ በዓመተ ምሕረት ክፈለው። ቀኑ በግእዝ ቁጥር ስለሆነ ፲፱፻፷፱ (1969) እና ፲፱፻፺፮ (1996) ላይ ዓይንህን አለማምድ፤ ያረጀ ሳንቲም ላይ የመጨረሻዋ ቁጥር ቶሎ ትጠፋለችና ሳንቲሙን ከመብራቱ ሥር ቀስ እያልክ አዙረው። ከዚያ ከእያንዳንዱ ክምር አሥር ጤነኛ ሳንቲም መዝንና አማካዩን ጻፍ። መለኪያህ እሱ ነው። የ1969 ሽልንግ ለምሳሌ 6 ግራም፣ ስፋቱ 25 ሚሊሜትር ነው፤ ስሙኒው 3.7 ግራም። በዝውውር ያለቀ ሳንቲም ትንሽ ይጎድላል፣ ግማሽ ግራም ግን አይጎድልም። ትርፍ ክብደት ከታየ ደግሞ የበለጠ ልብ በል፣ አልቆ የሚጨምር ሳንቲም የለምና።

አስረኛ ላይ ሳትደርስ ወደ ማጉያው የምትሮጥ ከሆነ ትደክማለህ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው፦ ጤነኛው ምን እንደሚመስል ሳያውቅ ልዩውን ይፈልጋል።

አሁን ወደ ሦስቱ ልምጣ።

ጥላ ያለው ፊደል። ሁለት ፍጹም የተለያዩ ነገሮች ይህን መልክ ይሰጣሉ። አንደኛው ምስሉን የሚመታው ብረት፣ ዳይ የሚባለው፣ ራሱ ሲሠራ ምስሉ ሁለት ጊዜ ተዛንፎ ሲቀረጽበት ነው። ያ ዳይ የመታው ሳንቲም ሁሉ ድርቡን ይይዛል፤ ሰብሳቢ የሚፈልገውም ይህንን ነው። ሁለተኛው ዳዩ ደህና ሆኖ፣ ልክ በመታበት ቅጽበት ላልቶ ሲንሸራተት የሚፈጠር ነው። ይህ በየማተሚያ ቤቱ በየቀኑ የሚሆን ስለሆነ ዋጋ የለውም። መለያው ፊደሉ ጠርዝ ላይ ነው። መብራቱን ከጎን ዝቅ አድርገህ «ኢትዮጵያ» ከሚለው አንዷን ፊደል ብቻ ተመልከት። እውነተኛው ድርብ ፊደሉን ያወፍረዋል፣ ሁለቱም ምስል ክብ ክብ ያለ ከፍታ አለው፣ የፊደሉ እግር ጫፍ ለሁለት ተሰንጥቆ መሀሉ ላይ ትንሽ ሸለቆ ይታያል። መንሸራተቱ ግን ፊደሉን ይበላዋል፦ የፊደሉ ጎን ተዳጦ እንደ ደረጃ ዝርግ ይሆናል፣ ያ ደረጃ ያብለጨልጫል፣ የፊደሉም ውፍረት ከጤነኛው ይቀጥናል። ሌላም አለ፤ ዳዩ ብዙ መትቶ ሲያረጅ ፊደሎቹ ወደ ጠርዙ እየተጎተቱ ይደበዝዛሉ፣ ይህም ከሩቅ ድርብ ይመስላል። ከጤነኛው ጎን አስቀምጠህ የፊደሉን ውፍረት አወዳድር። ካልወፈረ ተወው።

መሀሉ የዞረው። ይሄ ከማተሚያ ቤት አልወጣም ማለት ይቻላል። ባለ 1 ብሩ ሲሠራ መሀሉና ቀለበቱ ተለያይተው ይመጣሉ፣ የሚጋጠሙትም ሆነ ምስሉ የሚያርፍባቸው በዚያው በአንድ ምት ነው። አንድ ላይ የተመታ ነገር አንዱ ከሌላው አንጻር ሊዞር አይችልም። ስለዚህ አንድ ሰው መሀሉን በመዶሻ አውጥቶ መልሶታል። መጋጠሚያውን በማጉያ ዙር፤ የመሣሪያ ጭረት ታገኛለህ፣ መሀሉም በጣት ሲጫኑት ይነቃነቅ ይሆናል።

መሀሉ ዞሮ ሳይሆን ወደ አንድ ጎን ተገፍቶ ብታገኝ ግን ቁጭ በል። የቀለበቱን ስፋት በአራት አቅጣጫ በካሊፐር ለካ። ጤነኛ ላይ አራቱ እኩል ናቸው። እኩል ካልሆኑ፣ ምስሉ ግን በሳንቲሙ ልክ መሀል ላይ ካረፈ፣ ቀለበቱ ሲበሳ ቀዳዳው ተዛንፏል ማለት ነው። ይህን ቤት ውስጥ መሥራት አይቻልም፤ ጤነኛ ቀለበት ቀዳዳው መሀል ላይ ስለሆነ ምንም ቢደበድቡት መሀሉ ወደ ጎን አይሄድም። መሀሉ ጭራሽ የሌለው ከገጠመህ የቀዳዳውን ግድግዳ እይ። ተመትቶ ከሆነ ብረቱ ወደ ባዶው ፈስሶ ግድግዳው ይጎብጣል፤ በኋላ የወጣ ከሆነ ግድግዳው ቀጥ ያለ፣ የመጋጠሚያው ምልክት ያለበት ነው። ከልጆች እጅ የሚገኘው ሁሉ ሁለተኛው ነው።

የተቆረሰው ሽልንግ። ዝርጎቹ፣ ገና ምስል ያልተመታባቸው ክብ ብረቶች ማለት ነው፣ ከብረት ወረቀት ላይ እንደ ብስኩት ይቆረጣሉ፤ ወረቀቱ በቂ ሳይገፋ ቢላው ቀድሞ በተቆረጠው ቀዳዳ ላይ ሲያርፍ ጨረቃ ይጎድላል። በሞረድ በመፋቅም ያው ጨረቃ ይወጣል። ሦስት ነገር ፈትሽ። ከጉድለቱ ትይዩ ያለው ጠርዝ ደብዝዞ ወይም ጠፍቶ ከሆነ ጥሩ ምልክት ነው፤ ዝርጉ ጠርዙ ሲነሣ ጉድለቱ ጋ የሚገፋው ስለሌለ ትይዩው ላይም ጫና ይላላል። ቀጥሎ ጉድለቱ አጠገብ ያሉ ፊደሎች ወደ ጉድለቱ ተጎትተው ሳሳ ብለው ካለቁ ጥሩ፤ በቢላ እንደተቆረጡ ቀጥ ብለው ከተቋረጡ መጥፎ። በመጨረሻም የተቆረሰው ጎን ላይ የሞረድ መስመር አለ ወይ? ክብደቱንም ላክልን፤ ከጎደለው ስፋት ጋር መስማማት አለበት።


ስሙኒ_ለቃሚ፦

ጦሳ የጻፈው ሁሉ ልክ ነው፤ ግን ለኛ ሳንቲም ስህተት ከመፈለግ ይልቅ ዓይነት መለየት ይሻላል፣ ቶሎ ፍሬ ይሰጣል። ስህተት የሚያገኝ ሰው ጥቂት ነው። ዓይነት ግን ከአንድ ፌስታል ውስጥ እንኳ ይወጣል።

ማግኔቱን በክምሩ ላይ አሳልፍ። የ1969 ሽልንግና ስሙኒ መዳብና ኒኬል ቅልቅል ስለሆኑ አይነሡም። ከ1996 ጀምሮ የታተሙት ሽልንግ፣ ስሙኒና አስር ሳንቲም በላያቸው የተለበጡ ብረት ስለሆኑ ይነሣሉ። ማግኔት የሚስበው ሳንቲም ላይ ፲፱፻፷፱ ካነበብክ ወይም የማይነሣው ላይ አዲስ ቀን ካየህ ለብቻ አስቀምጠው፤ ክብደቱንና ቀኑን አረጋግጥና እዚሁ ለጥፈው።

ቀጥሎ የአንበሳው ጢም። በ1969 ሳንቲሞች ላይ ካታሎጎች ሁለት የአንበሳ ቅርጽ ይለያሉ። በአንደኛው አገጩ ሥር ካለው ጢም በግራ በኩል ሁለቱ ክሮች ረዝመው ወርደው ቀኑን ሊነኩ ይደርሳሉ። በሌላው ጢሙ ሁሉ እኩል ተከርክሟል። ዓይን ከለመደ ያለ ማጉያ ይታያል። ያለቀ ሳንቲም ላይ ረጅሙ ጢም መጀመሪያ ስለሚጠፋ «እኩል ነው» ለማለት አትቸኩል፤ የጋማው ክሮች በግልጽ የማይለያዩበትን ሳንቲም ከሁለቱም ክምር አውጣው። ውድ ነገር አይደለም፣ ግን ስብስብ ሲሟላ ሁለቱም ይፈለጋሉ።

አንድ ሳንቲሟን አልሙኒየም፣ ገበሬውና ሁለቱ በሬዎች ያሉባትን፣ ካገኘህ ብዙ አትልፋባት፤ 0.6 ግራም ናት፣ በቀላሉ ትታጠፋለች፣ ትቆረሳለች። ከመቶ የተበላሸ አንድ ሳንቲም መቶውም በሰው እጅ የተበላሸ ነው።

ፊትና ጀርባው ተዛንፎ የተመታ እንዳለ ለማወቅ ከአንድ ዓይነት አሥሩን አንበሳውን ቀጥ አድርገህ ደርድር፣ ከዚያ እያንዳንዱን እንደ መጽሐፍ ገጽ ወደ ጎን ገልብጥ። ዘጠኙ ባንድ አቅጣጫ ቆመው አንዱ ካዘነበለ እሱን ያዝ። ጥቂት ዲግሪ ማዘንበል ተራ ነው፤ ሩብ ዙርና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው ጉዳዩ።

ሰኞ ገበያ የድሮዎቹ ከመጡ ደግሞ ፲፱፻፴፮ (1936) የሚለው ቀን አያታልልህ። ቀኑ ሳይቀየር ለብዙ ዓመት ስለታተመ የታተመበትን ዘመን አይነግርም። እዚያ ውስጥ የሚፈለገው ክቡ ስሙኒ ነው። መጀመሪያ ክብ ሆኖ በመዳብ ወጣ፤ ሰዎች በብር ቀለም እየነከሩ እንደ ሽልንግ ማስተላለፍ ሲጀምሩ ጠርዙ የአበባ ቅጠል ዓይነት ሞገድ ተደረገለት። ሞገዱ በየቦታው አለ፣ ክቡ ግን ይከብዳል። የሞገዱን ጠርዝ ሞርዶ ክብ ማድረግ ስለሚቻል ስፋቱን በካሊፐር ለክተህ ከካታሎጉ ጋር አስተያይ። የምኒልክ ገርሽ (የድሮው ትንሽ የብር ሳንቲም) ከመጣ የአንበሳውን የፊት እግር ተመልከት፤ የተነሣው ግራ የሆነበትና ቀኝ የሆነበት ለየብቻ ይመዘገባሉ።

የአክሱም ሳንቲም የሚያመጣልህ ካለ ግን ወደዚህ ጨዋታ አታስገባው። ቅርስ ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የሚዳኝ ጉዳይ ነው፣ ከአገር ማውጣትም ያለ ፈቃድ ክልክል ነው።


ቦርከና_ማዶ፦

ከኮምቦልቻ። ስለ ፔኒው እኔ ልበል፤ ብዙው መረጃ የተጻፈው ስለሱ ስለሆነ ለመማሪያ ከኛ ሳንቲም ይሻላል። አገሩ ላይ ባንክ 50 50 አድርጎ በወረቀት ጠቅልሎ ይሰጣል፣ ፈላጊዎችም ጥቅሉን ይገዛሉ። እዚህ ጠርሙሱ ጥቅልህ ነው። በ2025 መጨረሻ ላይ ለዝውውር ማተም አቁመዋል (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው)።

በሦስት ክፈለው፦ እስከ 1981፣ 1982 ብቻ፣ ከ1983 ወዲህ። ምክንያቱም በ1982 መሀል ላይ ብረቱ ተቀይሯል። የድሮው 95 በመቶ መዳብ፣ 3.11 ግራም ነው፤ አዲሱ ዚንክ በመዳብ የተለበጠ፣ 2.5 ግራም። ሚዛን ሳይኖር ጠረጴዛ ላይ ቢጣል መዳቡ ያቃጭላል፣ ዚንኩ ደረቅ ድምፅ ያሰማል። የ1982 ክምር ሁሉንም መዝን። የቀኑን 2 ደግሞ በማጉያ እይ፤ መቀመጫዋ ቀጥ ያለ ከሆነ ትልቁ ቀን፣ የተጠማዘዘ ከሆነ ትንሹ ቀን ነው። ከቀኑ ሥር D ኖሮት፣ ትንሹ ቀን ሆኖ፣ 3.1 ግራም የሚመዝን ከወጣ እንደ እንቁላል ያዘው፤ የታወቁት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ሳታረጋግጥ አትደሰት፤ 2.5 የሆነው ትንሹ ቀን ተራ ነው።

ከ1983 ወዲህ ያለውን ገልብጠህ ጀርባውን እይ። AMERICA ከሚለው ቃል A እና M እግራቸው ይነካካል ወይስ ክፍተት አለ? በ1992 ጤነኛው ክፍተት ያለው ነው፤ የተነካካው ብርቅ ነው። በ1998፣ 1999 እና 2000 ነገሩ ይገለበጣል፤ ጤነኛው የተነካካው ነው፣ ክፍተት ያለው ይፈለጋል። ብዙ ሰው ይህን አቀያይሮ የ1992 ክፍተታሙን አንድ ማሰሮ ሞልቶ ያስቀምጣል።

የድርብ ዳይ ዋና ዋናዎቹ፦ 1955 እና 1972 በፊት ለፊት ጽሑፍና ቀን ላይ፣ 1983 በጀርባው ጽሑፍ ላይ፣ 1984 ሊንከን ሁለት ጆሮ ያወጣበት፣ 1995 LIBERTY ላይ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ዳይ የሚቀረጽበት መንገድ በአንድ ግፊት የሚጠናቀቅ ስለሆነ ከዚያ ወዲህ ትልቅ ድርብ አትጠብቅ፤ ካለም ሳንቲሙ መሀል አካባቢ፣ እንደ 2009ኙ ትርፍ ጣት ያለ ጥቃቅን ነገር ነው።

ዚንኩ ላይ መጠንቀቂያው አረፋ ነው። መዳቡ ሥር አየር ሲቀር ወይም እርጥበት ሲገባ ይነፋል፣ ቀኑ ላይ ከሆነ ቁጥሩ የተደረበ ይመስላል። በእንጨት ስንጥር ጫን ስትለው ከጎበጠ ወይም ከሰረጎደ አረፋ ነው። 1943ን መዳብ ሆኖ ካየህ መጀመሪያ ማግኔት። የዚያ ዓመቱ የታተመው በብረት ነው፤ መዳብ ቀብተው የሚሸጡት ማግኔት ላይ ይጣበቃል።

የፔኒ ጀርባ ከታች ወደ ላይ ሲገለበጥ ነው ቀጥ የሚለው። ስሙኒ ለቃሚ እንዳለው ወደ ጎን ከገለበጥከው ሁሉም ተዘቅዝቆ ይታይሃል፤ ስህተት እንዳይመስልህ።


ሸዋበር_ዝርዝር፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁም። የተቆረሰው ሽልንግ 5.71 ግራም ነው፤ ትይዩው ጠርዝ ደብዝዟል፣ የሞረድ መስመር አይታይም። ጥላ ያለው ብር ፊደሉ ዝርግ ደረጃ አለው፤ ስለዚህ ወደ ሱቁ ተመልሷል። ሁለት ነገር ልጨምር፦ ቆሻሻው እላዩ ላይ ስለደረቀ ሽልንጉን በሎሚና በአመድ ባሸው ይጎዳል? ከአንድ ባልቴት ደግሞ አሥራ አንድ የ1936 የብር ሽልንግ ሊገኝ ነው፤ የብሩ መጠን ሁለት ዓይነት ነው ሲባል ሰምቻለሁ። በምን ይለያል?


ጣይቱ_ሚዛን፦

በሎሚና በአመድ? ኧረ ወዲያ! ሎሚው የላይኛውን ቆዳ ይበላል፣ አመዱ ይፍቃል፤ በማጉያ ሲታይ መላው ሜዳ ባንድ አቅጣጫ በቀጭን መስመር የተሞላ ይሆናል። ያን ካዩ በኋላ ጠርዙን በሞረድ ሠርተሃል ቢሉህ መከላከያ የለህም፤ ማስረጃውን አብረህ አጥበኸዋልና። ዘይትና ሙጫ ከሆነ ንጹሕ አሴቶን ውስጥ አሥር ደቂቃ ዘፍዝፍ፣ ሳታሽ አውጣ፣ በራሱ ይድረቅ። መስኮት ክፈት፣ እሳት ከአጠገብህ አርቅ። ቀለምና ቅባት የገባበት የጥፍር ማስለቀቂያ አይሆንም፣ ቅሪት ይተዋል። ጭቃ ብቻ ከሆነ ለባትሪ የሚሸጠው የተጣራ ውሃ ይበቃል፤ ስትገዛ አሲዱን እንዳይሰጡህ ጠይቅ፣ ጠርሙሱ ይመሳሰላል።

አቀማመጥ ላይም ቸል አትበሉ። ደሴ ክረምት ጉሙ ቤት ድረስ ይገባል፤ የተለበጡት አዲሶቹ ሳንቲሞች ልባጣቸው በተጫረበት ሁሉ ዝገት ያወጣሉ። ለስላሳ የሚሸት ፕላስቲክ ውስጥ አታስቀምጡ፤ እየቆየ አረንጓዴ ሙጫ ይተዋል። ከጫማ ካርቶን የሚወጣውን እርጥበት መጣጭ ከረጢት ጨምራችሁ ክዳኑ የሚጠብቅ ዕቃ ውስጥ አድርጉ።

የ5.71ኙ ሽልንግ ደህና ይመስላል፤ ጉድለቱ 5 በመቶ ገደማ ነው። ጨረቃውም ከሳንቲሙ የገጽ ስፋት 5 በመቶ ያህል መብላት አለበት። ከፊት፣ ከጀርባና ከጎን ፎቶ አንሣ፤ የጎኑ ከሌለ ማንም አያምንህም።

ወደ ብሩ ሽልንግ። አዎ፣ ሁለት ናቸው፦ አንዱ 80 በመቶ ብር፣ ሌላው 70 በመቶ። ሁለቱም 7.03 ግራም ስለሆኑ ሚዛን ላይ ቢያስቀምጡት አይለዩም፣ ምስላቸውም ያው ነው። የሚለያቸው እፍጋት ነው፣ ክብደቱ ለይዘቱ ሲካፈል ማለት ነው፤ የ80ው 10.14 ገደማ፣ የ70ው 9.98 ገደማ። የ0.01 ሚዛን ለአንድ ሳንቲም አይበቃም፤ በውሃ ውስጥ የሚታየው ልዩነት 0.01 ግራም ብቻ ነውና። እንግዲህ የአንዱ ዓይነት መሆናቸውን ካመንክ አሥሩን አንድ ላይ መዝን። ካላመንክ 0.001 የሚያነብ ሚዛን ያለው ወርቅ ቤት ሄደህ ለምናቸው።

አሠራሩ ይኸውልህ። ሳንቲሞቹን ደረቅ እንደሆኑ መዝንና ጻፍ። ቀላል የፕላስቲክ ኩባያ ውስጥ ውሃ አድርገህ ሚዛኑ ላይ አስቀምጥ፤ ኩባያውም ውሃውም ከሚዛኑ አቅም እንዳያልፍ፣ ብዙዎቹ ትናንሽ ሚዛኖች 200 ግራም ላይ ያበቃሉ። ዜሮ አድርግ። ሳንቲሞቹን በቀጭን የናይለን ክር አስረህ በእጅህ ሳይሆን ከላይ ከተጋደመ እንጨት ላይ አንጠልጥለህ ሙሉ በሙሉ አጥልቃቸው። ሚዛኑ የሚያነበው የተገፋውን ውሃ ክብደት ነው። የደረቁን ክብደት በዚያ አካፍል። አሥር ሳንቲም 70.3 ቢመዝኑ የ80ው 6.93 አካባቢ ያሳያል፣ የ70ው 7.05 አካባቢ። ያለቁ ቢሆኑም ችግር የለም፣ ክብደቱም ይዘቱም አብረው ስለሚቀንሱ። ውጤቱ ወደ 8.9 ከወረደ በእጅህ ያለው የተነከረ መዳብ ነው፤ ስሙኒ ለቃሚ የነገረህ ታሪክ ማለት ነው።

የሚያበላሸው ሁለት ነገር ነው። ሳንቲሞቹ ተደራርበው መሀላቸው የቀረች የአየር አረፋ ንባቡን ከፍ ታደርገዋለች፣ ብሩም የቀለለ ይመስላል፤ ውሃው ላይ አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጨምርና ክሩን ነቅነቅ አድርግ። ሁለተኛው፣ ከሳንቲሞቹ አንዱ እንኳ የኩባያውን ታች ከነካ ሚዛኑ ክብደቱን ማንበብ ይጀምራል፤ ቁጥሩ ድንገት ከዘለለ ክሩን አሳጥርና እንደገና ከዜሮ ጀምር።